ዘሩን ሁለት ቀን ዘፍዝፌ ግማሹ ቀረ፤ ምን አጥፍቼ ነው?

ጀማሪዋ (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጓሮ ውስጥ ሦስት ሜትር የማትሞላ መደብ አለችኝ። ጎረቤቴ «ዘፍዝፈሽ ዝሪ፣ ቶሎ ይበቅላል» ስላለችኝ ፎሶሊያ፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ሰላጣ በየብርጭቆው አድርጌ ዓርብ ማታ ዘፈዘፍኩ። ቅዳሜ ለቅሶ ነበረብኝና የዘራሁት እሑድ ማታ ነው። ዛሬ 12ኛ ቀኑ። ቆስጣው ወጥቷል። ፎሶሊያውን አፈሩን ጫር አድርጌ ባየው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ዝልግልግ ብሎ ይሸታል። ካሮትና ሰላጣው ምልክትም የላቸው። ችግሩ ዘሩ ነው ወይስ እኔ?

የጓሮ ሰው፦
መዘፍዘፉ አይደለም፣ ሁለት ቀን መቆየቱ ነው የገደለው። ዘር ውሃ ከጠጣ በኋላ መተንፈስ ይፈልጋል፤ ውሃ ውስጥ ደግሞ አየሩ ትንሽ ነው። ታፈነብሽ። ፎሶሊያ ደግሞ ይብሳል፤ ውሃ በችኮላ ሲስብ ይሰነጠቃል። እኔ ብዘፈዝፈው እንኳ ከሦስት አራት ሰዓት አላሳልፍም። ክረምት ላይ፣ አፈሩ ርሶ እያለ፣ ጨርሶ አልዘፈዝፍም፤ ደረቁን ነው የምቀብረው። አተር ከሆነ ግን ማታ 3 ሰዓት ላይ ዘፍዝፈሽ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዝሪው፣ ይወዳል።

እትዬ ጎመን፦
ልጄ፣ ብቅል ሲበቅል አይተሽ አታውቂም? ገብሱ ይዘፈዘፍና ውሃው ተጠንፍፎ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው የሚያቆጠቁጠው። ውሃ ውስጥ ተኝቶ የበቀለ ብቅል በዕድሜዬ አላየሁም። በቆልትም ያው ነው። ዘርሽንም ጠንፍፈሽ፣ ሳታሳድሪ አፈር አልብሺው።

ጀማሪዋ፦
ኧረ እትዬ! በቆልት እየበላሁ አድጌ ይህን ማገናኘት አቃተኝ። ታዲያ ቆስጣው እንዴት ተረፈ? ደግሞ ካንድ ፍሬ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የወጣው።

የቢሾፍቱው፦
ቆስጣና ቀይ ሥር ላይ «አንድ ፍሬ» የምንለው ያ ሸካራ ነገር ውስጡ ብዙ ዘር ነው ያለው። ቅርፊቱ ደግሞ ብቅለትን የሚይዝ ነገር አለው፤ ሲዘፈዘፍ ይታጠባል። ስለዚህ መዘፍዘፍ ከሚጠቅማቸው ውስጥ ነው፣ ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። አንቺ ዕድለኛ ነሽ። ከሦስቱ ጠንካራውን ትተሽ ሌሎቹን በመቀስ ቁረጪ። እንዳትነቅዪ፣ ሥራቸው ተጠላልፏል።
ካሮት እንዲሁም ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ስለከረመ ግን ብዙም ተስፋ አታድርጊበት። እኔ ካሮት አልዘፈዝፍም። ያ ደቃቅ ዘር ከረጠበ ጣት ላይ እየተለጠፈ አንድ ቦታ ይከመራል። ደረቁን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅዪና በትኚ። ላዩን እርጥብ ጆንያ አልብሺው፣ በየቀኑ ገለጥ እያደረግሽ እዪ፣ ጫፉ ብቅ ያለ ቀን አንሺለት። ሰላጣውን ስንት ቀበርሽው?

ጀማሪዋ፦
አንድ አንጓ ጣት ያህል።

የቢሾፍቱው፦
በቃ፣ እሱ ነው። ሰላጣ ብርሃን ይፈልጋል። ላዩ ላይ በትነሽ በመዳፍሽ ጫን፣ አለቀ። መዘፍዘፍም አያስፈልገው።

አፈር በጥፍሬ፦
ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ። ፎሶሊያው የሱቅ ነው ወይስ ከቤት? ቀለሙስ? አንዳንድ የሱቅ ዘር ሮዝ ወይም አረንጓዴ ተቀብቶ ነው የሚሸጠው። ያ ቀለም መድኃኒት እንደተቀባ ማሳያ ነው። እንዲህ ዓይነቱ አይዘፈዘፍም፤ መድኃኒቱ ታጥቦ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በባዶ እጅም አይነካም፣ አይበላም፣ ለዶሮም አይሰጥም።

ጀማሪዋ፦
ሮዝ ነበር። እኔ ደግሞ ቀለሙ ለጌጥ መስሎኝ! ውሃው ሮዝ ሲሆን «አቤት ሲያምር» ብዬ ፎቶ አንስቼዋለሁ።

አፈር በጥፍሬ፦
ውሃውን የት ደፋሽው? በምን ብርጭቆ ነበር?

ጀማሪዋ፦
መጸዳጃ ቤት ነው የደፋሁት። ብርጭቆው የባለቤቴ የሻይ ብርጭቆ ነው። አሁን ሄጄ ከመደርደሪያው አወጣዋለሁ።