ክርክር፦ ራቅ ባሉ የሰሜን ሸዋ ቀበሌዎች የውሃ ተቋም ሲበላሽ ማን ያስጠግነው?

ከደብረ ብርሃን፦ እኔ ተጠቃሚው ይክፈል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የገጠሩ ነዋሪ የማስኬጃና የጥገና ወጪን እንዲሸፍን መርህ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። መዋጮ የማይሰበሰብበት ቦኖ በተሰበረ ማግስት ተጠያቂ ያጣል፤ የውሃ ኮሚቴውም በእጁ ገንዘብ ከሌለ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ከመርሐቤቴ፦ ወንድማችን ያነሡት መርህ ለሜዳ አገር የተሰፋ ልብስ ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር መለኪያው በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር የሚል ነበር። አምስት ነፍስ ላለው ቤት ይህ 125 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከስድስት ምልልስ በላይ ይሆናል። መንደሩ አምባ ላይ፣ ምንጩ ደግሞ በጀማ ወንዝ ገደል ወገብ ላይ ሲሆን መለኪያው ርቀቱን እንጂ አቀበቱን አይቆጥርም። ውሃው ሽቅብ በራሱ ስለማይወጣ በፓምፕ መገፋት አለበት፤ ፓምፑም ነዳጅ ይፈልጋል። ተጠቃሚው ይሸፍን ሲባል እንግዲህ በነፍስ ወከፍ አብልጦ የሚከፍለው ጥቂት ሰው የሰፈረበት ሩቅ መንደር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንጹህ ውሃን ከትምህርትና ከጤና ጋር አብሮ የጠቀሰው ለዚህ ሰው ጭምር ይመስለኛል።

ከደብረ ብርሃን፦ ያው አንቀጽ «የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» ይላል።

ከሚንጃር ሸንኮራ፦ በእኛ ወረዳ ገበሬው በራሱ ወጪ የዝናብ ውሃ በኩሬ አጠራቅሞ የሽንኩርት ችግኝ ያፈላል። ክፍት ኩሬ ሳይታከም ለመጠጥ አይሆንም፤ ሆኖም ገበሬ ለውሃ ገንዘብ አያወጣም የሚለውን ወሬ አልቀበለውም።

ከመንዝ፦ የደብረ ብርሃንና የመርሐቤቴ ተከራካሪዎች፣ ሁለታችሁም ጥገናን እንደ አንድ ነገር ስለቆጠራችሁት ነው የማትገናኙት። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት እንዲያገለግልና የሚያልቁ የጎማ ክፍሎቹን የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲቀይር ታስቦ የተሠራ ነው፤ ይህን ወጪና የምንጭ አጥር ጥበቃን ሕዝቡ ይቻል። ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር መሬት በራሱ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ያቆየ የመንዝ ሕዝብ ምንጭ መጠበቅ አያቅተውም። በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሲቃጠል ግን ማውጫ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ሶላር ነዳጁን ቢያስቀርም (መፍትሔው እሱ ብቻ እንደሆነ የሚነግሩን አሉ) ከቃጠሎ አያድንም። ኮሚቴው ለዚህ ዓመታት ቢያዋጣም አይደርስበትም፤ በዚያ መካከል ሴቶቹ ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ስለዚህ መንደሩ በእጁ የሚጠግነውን መንደሩ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ወረዳው ይያዝ።

ከመርሐቤቴ፦ በዚህ ክፍፍል እስማማለሁ፤ ነገር ግን የወረዳው ድርሻ በበጀቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ርእስና ፓምፑ ከቆመ በኋላ ስንት ቀን ሊዘገይ እንደሚችል የተጻፈ ገደብ ካልተሰጠው፣ የመንደሩ መዋጮ ብቻ ግዴታ ሆኖ ይቀራል።