በአየር የሚነፋ ካያክ፦ ጥቆማ ካላችሁ

የሽምብጡ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እኔና ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ጣና ላይ ምንቀዝፍበት በአየር ሚነፋ ካያክ (በመቅዘፊያ ሚነዳ ጠባብ ጀልባ) ልንገዛ ነው። ኮንዶሚኒየም ስለሆንን ማይነፋውን ጠንካራውን ካያክ ማስቀመጫ የለንም፣ ተጣጥፎ ባጃጅ ላይ ሚጫን ነው ምንፈልገው። ኢንቴክስ ኤክስፕሎረር ኬ2 ሚባለው ሞዴል ላይ ዓይኔ አርፏል፣ የተጠቀመበት አለ? የትስ ይገኛል?

ፔዳ ማዶ፦ ካያክ ምን ያደርግልሃል ወንድሜ፣ ሞተር ጀልባ ያዝና ዘጌ ሂድ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመህ ቡናህን ጠጥተህ ትመለሳለህ

የሽምብጡ፦ ዘጌ ሄጃለሁ፣ የጠየቅኩት ስለመግዛት ነው 😅

ማሂ፦ ኧረ ተጠንቀቅ! እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ፣ አዲስ አበባ ካለ ኦንላይን ሻጭ አዘዝኩ፣ ፎቶው ላይ ሁለት ጎረምሶች ተቀምጠው እየቀዘፉ ነው፣ "የሁለት ሰው" ብሎ ጽፏል፣ ብሩን ቀድሜ ላክሁ፣ በአውቶቡስ መጣ፣ ፈታሁት፣ ጎኑ ላይ ዶልፊን የተሳለበት የሕፃናት ገንዳ መጫወቻ! መቅዘፊያው ከማንኪያ አይበልጥም። ደወልኩለት፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "የሁለት ሰው አልኩ እንጂ የሁለት ትልቅ ሰው መቼ አልኩ።" ከዛ ብሎክ አደረገኝ።

ኪያ፦ 😂😂 እውነቱን እኮ ነው

አባይ ድልድይ፦ ስሙን ጻፊው እንጂ ሌላውም እንዳይበላ

ማሂ፦ እዚህ አልጽፍም፣ ኢንቦክስ

ጥላሁን ቢ፦ ኢንቦክስ

የእናቷ ልጅ፦ እኔንም በእናትሽ

ታማኝ ደንበኛ፦ ለዚህ እኮ ነው እኔ ባሕር ዳር ፖሊ ካምፓስ አካባቢ ካለው ሱቅ ውጪ እቃ የማልገዛው፣ ድንኳኔንም ጀነሬተሬንም ከሱ ነው የወሰድኩት፣ ሰውዬው ሐቀኛ ነው

የሽምብጡ፦ ካያክ ይሸጣል?

ታማኝ ደንበኛ፦ ካያክ እንኳን አይቼ አላውቅም። ግን ሐቀኛ ነው።

ኪያ፦ እንግዲህ ካያክ ከማይሸጥ ሐቀኛ ካያክ ግዛ ተብለሃል፣ መልካም ቀዘፋ

ቀዛፊው፦ የሽምብጡ፣ እኔ ኬ2ውን ተጠቅሜበታለሁ። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ12 ሳንቲም ነው፣ እስከ 180 ኪሎ ይይዛል፣ ይሄ ግን እቃችሁንም ጨምሮ ነው፣ ሁለታችሁም ሞላ ያላችሁ ከሆናችሁ ያጣብቃል። ሁለቱ ጎኖችና ወለሉ ለየብቻ ነው ሚነፉት፣ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ይዞህ ዳር ትደርሳለህ። ስትገዛ መጀመሪያ ቫልቩን (አየር ማስገቢያውን) እይ፣ ሁለት ክዳን አለው፣ ትንሹን ፈተህ ትነፋለህ ትልቁን ፈተህ ታስተነፍሳለህ፣ እንደ ፊኛ በአፍ ሚነፋ ትንሽዬ ቱቦ ብቻ ካለው መጫወቻ ነው ተወው። በምንም ተዓምር ጎሚስታ ጋ ወስደህ በኮምፕረሰር እንዳታስነፋ፣ ይሄ ሚፈልገው ግፊት ከመኪና ጎማ ጋር አይገናኝም፣ ስፌቱን ነው ሚገነጥለው፣ አብሮት ሚመጣው የእጅ ፓምፕ ይበቃዋል። ቢቀደድም የካላማዳሪ ማስቲሽ አይዘውም፣ የፒቪሲ (የተሠራበት ፕላስቲክ) ማጣበቂያ ነው ሚፈልገው። ደሞ ውሃ ላይ ስታወርደው አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ይለሰልሳል፣ ትንሽ ጨምርበት፣ ስታወጣው ግን ፀሐይ ላይ ሳታስተነፍስ እንዳትተወው።

የሽምብጡ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ንፋሱስ?

ቀዛፊው፦ እሱ ነው ዋናው። ቀላል ስለሆነ ንፋስ እንደፈለገ ይወስደዋል። ከሥሩ ሚሰካውን ክንፍ ከረሳህማ በቀዘፍክ ቁጥር አፍንጫው ግራ ቀኝ ይዞራል። ጣና ጠዋት ረጭ ይላል፣ ከሰዓት ሲነፍስ ማዕበሉን ታውቀዋለህ፣ ስለዚህ በጊዜ ወጥተህ በጊዜ ግባ። ከቻልክ ወለሉ ድሮፕ ስቲች የሆነውን ፈልግ፣ ውስጡ በብዙ ክር ስለተያያዘ በከፍተኛ ግፊት ይነፋል፣ ጣውላ ነው ሚመስለው፣ ዋጋው ግን ወደላይ ነው። ላይፍ ጃኬት ሳትይዝ እንዳትወጣ።

አባይ ድልድይ፦ አባይ መውጫው ጋ፣ ደብረ ማርያም አካባቢ ጉማሬ አለ፣ ማንም አልነገረህም?

ፔዳ ማዶ፦ ጉማሬ ሰው አይነካም ካልነካኸው

አባይ ድልድይ፦ አንተ ጉማሬው ነገረህ እንዴ? ጉማሬ እኮ ጀልባ ይገለብጣል፣ ልጅ ካላትማ ጭራሽ። ሲመሽ ደሞ ሣር ሊግጥ ይወጣል

የደንገል ልጅ፦ ባህላዊውን ታንኳ ምን ጎደለውና ነው ፕላስቲክ ምትገዙት? ደንገል አይተነፍስ፣ ቫልቭ አይፈልግ። ወይጦዎች ዘንድ አሠራ፣ ለሠሪውም እንጀራ ነው

ኪያ፦ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ እርጥብ ታንኳ ተሸክሞ ሲወጣ ታየኝ

የደንገል ልጅ፦ ሳቅ፣ ሳቅ። አባቶቻችን እስከ ገበያ እንጨት ጭነው መጥተውበታል

ሲስተር፦ በነገራችን ላይ ዳር ዳሩ ሣር ያለበት ውሃ ውስጥ በባዶ እግር ቆማችሁ አትንፉት፣ ቢልሃርዚያ አለ። ደረቅ ቦታ ንፉ፣ እግራችሁ ከረጠበ ቶሎ ጥረጉ።

ጥላሁን ቢ፦ ማሂ ኢንቦክስ አልደረሰኝም

ማሂ፦ ልኬያለሁ እኮ፣ የተደበቁ መልእክቶች ውስጥ እየው

የሽምብጡ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር እንመክርበታለን

ቀዛፊው፦ ምን ላይ ደረሳችሁ? ገዛችሁ?

ቀዛፊው፦ ?

የእናቷ ልጅ፦ የስድስት ዓመት ልጅ ሚሆን ላይፍ ጃኬት ሚሸጥ ምታውቁ?

ታማኝ ደንበኛ፦ ፖሊ ያለውን ሱቅ ጠይቂው