አስቸኳይ፦ መኪናችን ሎግያ ላይ ቆማለች፤ ነገ ወደ አፍዴራና ኤርታሌ መሄድ እንችላለን?

የጨው መንገደኛ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ይህን የምጽፈው ከሎግያ ነው፤ የምታውቁ ሰዎች ዛሬ ማታውኑ እንድትመልሱልኝ እለምናለሁ። ከአዲስ አበባ የተከራየናት ላንድክሩዘር ሚሌን እንዳለፍን ሙቀቷ አሻቅቦ ቆመች። ሾፌሩ ኮፈኗን ሲከፍት ራዲያተሯ ከላይኛው ጠርዝ ተሰንጥቆ አረንጓዴው ውሃ አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ውሃ እየጨመርን፣ እየቆምን፣ እስክትበርድ እየጠበቅን ያንን አጭር መንገድ ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጅቶብን ሎግያ ገባን። እዚህ ያገኘነው ባለሙያ በብየዳ እደፍነዋለሁ ይላል፤ አዲስ ራዲያተር ከአዲስ አበባ እስኪላክ ግን ሁለት ቀን መጠበቅ አለብን። ዕቅዳችን ነገ ንጋት ላይ ተነሥተን በሰርዶ በኩል የጨው ሐይቅ ወዳለባት አፍዴራ፣ ከዚያ ወደ ኤርታሌ እሳተ ገሞራ፣ በመጨረሻም ወደ ዳሎል ፍልውሃዎች ደርሰን መመለስ ነበር። አስጎብኚዎች የጠየቁን ዋጋ ከአቅማችን በላይ ስለ ሆነ ሁሉንም ያዘጋጀነው በራሳችን ነው። በተበየደ ራዲያተር መሄድ ይቻላል? ካልተቻለስ በጨው መኪና ተሳፍረን አፍዴራ ብንደርስ፣ ከዚያ ወደ ኤርታሌ የሚወስደን መኪና እናገኛለን?

የድሮ ሾፌር፦
ወንድሜ፣ በዚያ መስመር ለብዙ ዓመታት ጭነት ስለ ተመላለስኩ የማውቀውን ልንገርህ። የተበየደ ራዲያተር አስፋልት ላይ ሊያደርስህ ይችላል፤ መኪናዋ በፍጥነት ስትሄድ ነፋሱ ራሱ ያቀዘቅዝልሃልና። አስፋልቱን ለቅቀህ አሸዋና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ስትገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ በሰዓት ዐሥርና ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ትጓዛለህ፣ ፊት ለፊት የሚገባ ነፋስ የለም፣ ሥራው ሁሉ በቬንትሌተሩ ላይ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ግፊቱ ብየዳውን ይፈታዋል። ስለዚህ አፍዴራ ድረስ ምናልባት፣ ኤርታሌ ግን በፍጹም። እንደገና ከሞቀች ደግሞ ክዳኑን በትኩሱ እንዳትከፍቱት፤ ፊቱና ክንዱ በእንፋሎት የተላጠ ረዳት በዓይኔ አይቻለሁ። ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ፣ ወፍራም ጨርቅ ደርባችሁ፣ በመጀመሪያ ሩብ ዙር ብቻ አላልታችሁ አስተንፍሱት። ከዚያ በፊት ግን ሾፌራችሁን የቺንጋውን (ቬንትሌተሩን የሚያዞረውን ቀበቶ) ሁኔታ ጠይቁት፤ ቺንጋው ላልቶ ከሆነ ራዲያተሩ ቢቀየርም መሞቋ አይቀርም።

ጡረተኛው መምህር፦
ወጣቶች ወደ ደናክል፣ ማለትም አፍዴራ፣ ኤርታሌና ዳሎል ወዳሉበት ዝቅተኛ ምድር፣ ስትሄዱ የምትሄዱበትን ምድር ብታውቁት መልካም ነው። አካባቢው የአፍሪካ፣ የሶማሊያና የዐረቢያ የምድር ቅርፊቶች እየተለያዩ ያሉበት ነው፤ ዳሎል ከባሕር ወለል ከ120 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተመዘገበው መረጃ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። አማካይ ስል ሌሊቱም፣ ክረምቱም፣ ቀዝቃዛው ወርም ተደምሮ ማለቴ ነው። ኤርታሌም ቢሆን በቆዩ ፎቶግራፎች ላይ የምታዩት አይደለም። በጥር 2009 ዓ.ም. የቀለጠው ዐለት የተራራውን ጎን ሰንጥቆ ሲወጣ፣ በአፉ ውስጥ የነበረው የቀለጠ ዐለት ሐይቅ ወደ ታች ሰጥሟል፣ ከዚያ ወዲህም መልኩ ተለዋውጧል። ጎረቤቱ እሳተ ገሞራ ሃይሊ ጉቢ ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን አልፎ ሕንድ ድረስ ደርሷል፤ የአፍዴራ አካባቢ አርብቶ አደሮችም የግጦሽ መሬታቸው በአመድ ተሸፍኖባቸዋል። ይህ በሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደዚያ መሄድ ትልቅ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር ስለ ሆነ፣ የመኪናው ጉዳይ ከጥያቄዎቻችሁ ትንሹ ይመስለኛል።

ቢኒ መካኒክ፦
ብየዳው በቂ ነው። በናስ በደንብ ከተበየደ ከአዲሱ አይተናነስም፤ ውሃ ሞልታችሁ መንገዳችሁን ቀጥሉ። ሞተሩ መሞቅ ሲጀምር የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ለእናንተ ይከብዳል እንጂ ሙቀቱን ከሞተሩ ላይ ይቀንስላችኋል።

የድሮ ሾፌር፦
ቢኒ፣ የማሞቂያው ዘዴ ትክክል ነው፤ እኔም ስንት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ይሁን እንጂ ከላይ እንደ ጻፍኩት ብየዳው የሚያስተማምነው አስፋልት ላይ ነው። ደግሞም የአሁን መኪኖች ራዲያተር ጠርዙ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ የተሰነጠቀው እሱ ከሆነ የሚበየድ ነገር የለም፤ በማጣበቂያ ይደፈን እንደሆነ እንጂ፤ ማጣበቂያ ደግሞ የፈላ ውሃ አይችልም። የሎግያው ባለሙያ ምን ሊበይድ እንዳሰበ አስቀድማችሁ ጠይቁት።

የሰመራ ልጅ፦
እኔ የአካባቢው ተወላጅ ነኝ፤ ጥያቄህን ሳነብ ያሳሰበኝ ያልጻፍከው ነገር ነው። ከሰመራ የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ፈቃድ አውጥታችኋል? ከአካባቢው የሚመደብ መንገድ መሪና ጠባቂ ይዛችኋል? ስንት ሰዎች ናችሁ? ስንት መኪና ነው? ውሃስ? ፈቃዱ ለወረቀት ተብሎ የመጣ አይደለም። በጥር 2004 ዓ.ም. ኤርታሌ ላይ 5 የውጭ አገር ጎብኚዎች ተገድለዋል፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ጠባቂ ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው የለም። አሁን ደግሞ የሃይሊ ጉቢ ጉዳይ ስላለ የትኛው መንገድ ክፍት እንደ ሆነ የሚነግራችሁ ቢሮው ነው። ሰመራ ከሎግያ ቅርብ ስለ ሆነች ጠዋት ቢሮው ሲከፈት በር ላይ ተገኙ።

የጨው መንገደኛ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አራት ነን፤ ሦስታችን የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ስንሆን አራተኛዋ ከአሜሪካ ለገና የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት። መኪናችን አንድ ብቻ ናት። ፈቃድ አላወጣንም፤ አፍዴራ ስንደርስ እናወጣለን ብለን ነበር። ውሃ ሁለት ካርቶን ባለ ሁለት ሊትር ይዘናል። ያለን ጊዜ አራት ቀን ነው፣ እሷም እሑድ ማታ በረራ አላት። የጎደለ ነገር እንዳይኖር ልጨምር፤ የአክስቴ ልጅ አስም አለባት፣ ነገር ግን መድኃኒቷን ይዛለች።

ሲስተር ማሚ፦
ወንድሜ፣ የአስሙን ነገር መጨረሻ ላይ መጻፍህ አስደነገጠኝ። ከኤርታሌ አፍ የሚወጣው ጭስ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ያለበት ሲሆን፣ ጤነኛ ሰው እንኳ ነፋሱ ወደ እሱ ሲዞር ያስለዋል፣ ዓይኑንም ያቃጥለዋል፤ አስም ላለበት ሰው ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትንፋሹን ሊዘጋበት ይችላል። ኪሷ ውስጥ የያዘችው የሚነፋ መድኃኒት ቀላል መታፈንን ያስታግሳል፤ ከባድ ከሆነ ግን ኦክስጅን ትፈልጋለች፣ ኦክስጅን ያለበት ሆስፒታል ደግሞ የብዙ ሰዓት መንገድ ወደ ኋላ ነው። እባካችሁ እሷ ወደ አፋፉ አትውጣ። ዳሎልም በዚህ ረገድ አይሻልም፤ ከፍልውሃዎቹ የሚወጣው ውሃ ጫማ የሚበላ አሲድ ነው፣ ጋዙም ዝቅ ባለ ቦታ ይተኛል።
ስለ ውሃው ደግሞ፣ በዚያ ሙቀት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አምስት ሊትር ለመጠጥ ብቻ ያዙ። ለአራት ሰው ለሦስት ቀን 60 ሊትር ይሆናል፤ ሾፌራችሁ ከአራቱ ውጪ ከሆነ 75 ይደርሳል፣ መንገድ መሪና ጠባቂ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። የራዲያተሩን ውሃ ከዚህ ጋር አትደምሩት። በአንድ ትልቅ በርሜል ሳይሆን በየሃያ ሊትሩ ጀሪካን ይሁን፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል።

መሠረት ከአዳማ፦
እኔ ከጥያቄው መነሻ ጋር አልስማማም። «በራሳችን» ማለት ርካሽ ማለት ነው ብላችሁ ተነሥታችኋል፤ ደናክል ላይ ግን ይህ አይሠራም። መንገድ መሪው፣ ጠባቂው፣ ሁለተኛው መኪና፣ እነዚህ ሁሉ አራት ሰዎች ቢሄዱም ዐሥራ ሁለት ሰዎች ቢሄዱም የሚከፈሉ ናቸው፤ ወጪው የሚቀልለው በሰው ብዛት ሲካፈል ነው። እኛ ከሦስት ዓመት በፊት አምስት ሆነን ሰመራ ደርሰን መኪና ለብቻችን መከራየት ሲያቅተን፣ ያደርንበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ማታ ማታ የሚቆሙትን ላንድክሩዘሮች ሾፌሮች አንድ በአንድ ጠየቅናቸው። ሁለት ባዶ ወንበር ያለው አንድ ቡድን፣ ሦስት ባዶ ወንበር ያለው ሌላ ቡድን አገኘንና ተከፋፍለን ገባን። የከፈልነው አስጎብኚ ከጠየቀን ከግማሽ በታች ነበር፤ ፈቃዱም መንገድ መሪውም ቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። ዛሬ ማታውኑ ከመተኛታችሁ በፊት ይህንኑ አድርጉ።
ዳሎልን ደግሞ ተዉት። ከአፍዴራ የዳሎል መነሻ ወደ ሆነችው ሐመድ ኤላ መንደር ገና ረጅም መንገድ ወደ ሰሜን ነው፣ እሑድ በረራ ላላት ሰው አራት ቀን ለሁለቱ አይበቃም።

የጨው መንገደኛ፦
መሠረት፣ ይህን አላሰብንበትም ነበር። አሁኑኑ ሾፌሮቹን ልንጠይቅ እንወጣለን። ስለ ጨው መኪናው ግን ማንም አልመለሰልኝም።

የሰመራ ልጅ፦
የጨው መኪና ወደ አፍዴራ ባዶውን ስለሚሄድ ሾፌሮቹ ሰው ይጭናሉ፤ ሎግያ ላይ ተሳቢዎቹ ከሚያድሩበት ቦታ ንጋት ላይ ብትሄዱ ታገኛላችሁ። አፍዴራ ግን የጨው ሠራተኞች ከተማ ናት፤ ወደ ኤርታሌ የሚከራይ መኪና ቆሞ አይጠብቃችሁም። ስለዚህ በጨው መኪና መሄድ ጥሩ የሚሆነው አፍዴራን ራሷን ለማየት ካሰባችሁ ነው፤ እኔን ብትጠይቁኝ ደግሞ ለአስም በሽተኛዋ እኅታችን ከኤርታሌ ይልቅ የምመርጥላት ይህን ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፣ ዳርቻው ላይ ሙቅ ውሃ ከመሬት እየፈለቀ ወደ ጨዋማው ሐይቅ ይገባል፤ ሠራተኞቹ ማታ ከሥራ ሲወጡ ጨውን ከሰውነታቸው የሚያጥቡት እዚያ ነው። ማለዳ ፀሐይ ሳትከር የማምረቻ ገንዳዎቹን ዞራችሁ ብታዩ፣ ውሃው በየገንዳው ሮዝና ነጭ ሆኖ ሲደርቅ፣ ሰዎቹም ጨውን በአካፋ ሲከምሩ ታያላችሁ። ማታም ውጭ አልጋ ላይ ትተኛላችሁ።
አንድ ነገር ልጨምር። በመንገድ ላይ አፋር ሽማግሌ ስታገኙ ቆማችሁ ሰላም በሉ፣ ከየት እንደ መጣችሁና ወዴት እንደምትሄዱ፣ መንገድ ላይ ምን እንዳያችሁ ንገሯቸው። እኛ ይህን ዳጉ እንለዋለን፤ ወሬ ጠይቆ ወሬ ሰጥቶ ማለፍ ግዴታ ነው። ሳትነግሩ የምታልፉ ከሆነ ነውር ብቻ ሳይሆን ለራሳችሁም ጉዳት ነው፤ የተነገረው ወሬ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳልና፣ መኪና ቢቆምባችሁ የት አካባቢ እንዳላችሁ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ስልክ በማይሠራበት ቦታ ሰው የተገኘው በዚህ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
የሰመራ ልጅ ስለ ዳጉ የጻፈውን ደግማችሁ አንብቡት። እኔም ምክሬን ልድገም፤ የሃይሊ ጉቢ አመድ የሸፈነው አካባቢ በነፋስ ጊዜ አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ ለአራታችሁም የአፍ መሸፈኛ ይኑራችሁ።

ቢኒ መካኒክ፦
የድሮ ሾፌር ያለው ልክ ነው፤ ጠርዙ ፕላስቲክ መሆኑን አልጠየቅኩም ነበር። ፕላስቲክ ከሆነ አዲሱን ጠብቁ።

የሰመራ ልጅ፦
ዛሬ በአራት ሰዓት ገደማ ለጉዳይ ወደ ሎግያ ወርጄ በጋራዡ በኩል ሳልፍ ላንድክሩዘሯን አየኋት። ኮፈኗ እንደ ተከፈተ ነው፣ ራዲያተሩ ወጥቶ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ጠርዙ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ባለሙያውን ስጠይቀው ልጆቹ ንጋት ላይ ጀሪካን ይዘው ወጡ አለኝ፤ በየትኛው መኪና፣ ወደየት እንደ ሄዱ ግን አላየም። ወንድሜ፣ ስልክ የሚሠራበት ቦታ ስትደርስ አንድ መስመር ጻፍልን፤ አፍዴራ የጨው ሚዛን ላይ የሚሠራ ዘመድ ስላለኝ፣ ወደዚያ ከሆነ የሄዳችሁት እንዲጠይቃችሁ እነግረዋለሁ።