አይቶ ያለፈ ሰው በሕግ ይጠየቅ?

አወያይ፦ የፈረንሳይ ወንጀል ሕግ ራሱንም ሆነ ሌላውን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት ሲችል አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ የተወን ሰው እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 75,000 ዩሮ መቀጮ ይቀጣል። በእንግሊዝ ሕግ ደግሞ የማያውቁትን ሰው የማዳን አጠቃላይ ግዴታ የለም። የትኛው ይሻላል?

ሕግ አዋቂ፦ የፈረንሳዩ። ሕጉ ማንንም እሳት ውስጥ ግባ አይልም። ቢያንስ ስልክ አንሣ፣ እርዳታ ጥራ ነው የሚለው። ይህችን እንኳን የነፈገ ሰው በምን ሒሳብ ንጹሕ ይባላል?

የሥነ ልቦና መምህርት፦ ወንድሜ፣ ያላነሣ ሁሉ ጨካኝ ነው ብለው ከተነሡ እዚያው ላይ ተሳስተዋል። ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ተማሪዎች በየክፍላቸው ለብቻ ተቀምጠው በድምፅ መስመር ሲወያዩ አንደኛው የሚጥል በሽታ ተነሥቶበት እርዳታ ሲለምን ይሰማሉ። ድምፁ አስቀድሞ የተቀዳ ነው፤ እነርሱ ግን አያውቁም። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት 85 በመቶዎቹ ድምፁ ሳያበቃ ለመጥራት ወጡ። ሌሎች 4 ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካመኑት ግን 31 በመቶ ብቻ። የቀሩት ግድ ስላልነበራቸው እንዳይመስልዎ፤ በሩ ሲከፈት እጃቸው የሚንቀጠቀጥና ልጁ ደኅና መሆኑን የሚጠይቁ ነበሩ። ታዲያ የሚንቀጠቀጠውን እጅ ነው በሰንሰለት የምናስረው?

ተማሪ፦ 38 ሰዎች ሴትዮዋ ስትገደል በመስኮት አይተው ዝም አሉ የሚባለውስ?

የሥነ ልቦና መምህርት፦ የኪቲ ጄኖቬዝ ታሪክ ነው፤ ኒው ዮርክ፣ እ.ኤ.አ. በ1964። ቁጥሩን የጻፈው ጋዜጣ ራሱ ዘገባው የተጋነነ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2016 አምኗል። አንዲት ጎረቤት ወርዳ አምቡላንስ እስኪደርስ አቅፋት ነበር። ስለዚያች ጎረቤት የሚያወራ ሰው ማነሱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የአባቷ ልጅ፦ እኔ አባቴን ላንሣ። የስኳር ሕመምተኛ ነው። አንድ ቀን ስኳሩ ወርዶበት እየተንገዳገደ ሄዶ መንገድ ዳር ወደቀ። ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ቆየ። በመጨረሻ ያነሣው ሰው እንደነገረን፣ እርሱም ሲያየው ሰካራም መስሎት አልፎት ሄዶ ነበር፤ ከዚያ ነው የተመለሰው። ብዙ ሰው መኖሩ ብቻ አይደለም ችግሩ። አባቴ ማን እንደሆነ አስቀድመው ፈርደው ነበር።

የሥነ ልቦና መምህርት፦ እህቴ፣ ያሉት በሙከራም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 በታተመ ጥናት በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ሰው ሆን ብሎ ይወድቃል። ከዘራ የያዘው ከ65 ጊዜ 62 ጊዜ ማንም ሳይጠየቅ ተረዳ። መጠጥ መጠጥ የሚሸተው ግን ከ38 ጊዜ 19 ጊዜ ብቻ።

ኳስ ወዳድ፦ በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ስለ ክለባቸው እንዲያስቡ ከተደረገ በኋላ የወደቀ ሯጭ ያዩ ነበር። የክለባቸውን መለያ የለበሰውን 92 በመቶዎቹ ረዱት፤ የሊቨርፑሉን 30 በመቶዎቹ ብቻ። ራሳቸውን በአጠቃላይ እንደ ኳስ አፍቃሪ እንዲያስቡ ሲደረጉ ግን የሊቨርፑሉንም 70 በመቶዎቹ ረዱት። ወገኔ የሚለው ድንበር ይሰፋል ማለት ነው፤ ያሰፋው ግን ቅጣት አይደለም።

ሕግ አዋቂ፦ ሕግም ድንበር ያሰፋል። የማታውቀው ሰውም ያገባሃል ብሎ በአደባባይ ይናገራል።

የአባቷ ልጅ፦ እሺ፣ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። አባቴን አልፎ የሄደው ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ "ሰክሯል ብዬ ነበር" ቢል ምን ይፈረድበታል?

ሕግ አዋቂ፦ ሰውየው አደጋውን ማወቁ መረጋገጥ አለበት። ካልተረጋገጠ ነፃ ይወጣል።

የአባቷ ልጅ፦ እውነቱን ነው እኮ የሚናገረው። ሰክሯል ብሎ ነበር።

ሕግ አዋቂ፦ አዎ። ለዚህኛው መልስ የለኝም።