የጋራው ፕሮፖዛል፦ ሕሙማንና አስታማሚዎች በጥናቱ ንድፍ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ተለጥፏል። 6 የመርሳት ሕሙማንና 6 አስታማሚዎች መጠይቁ ከመታተሙ በፊት ይግቡ። ተመራማሪዎቹ እንደ አምናው ያለቀለት ወረቀት ይዘው መጥተው «አስተያየት ስጡበት» እንዳይሉን። 4 ስብሰባ፣ ረቡዕ ጠዋት 3፡30፣ እረፍቱን ጨምሮ ከ90 ደቂቃ የማይበልጥ። ክፍሉም አወያዩም አይቀየሩ። ከሰዓት በኋላ አይሆንም፤ ብዙዎቹ ይደክማሉ፣ ይረበሻሉ።

ሲስተር፦ ሕሙማኑና አስታማሚዎቹ ለየብቻ ይወያዩ። አንድ ላይ ከተቀመጡ ልጅ ለእናቷ ትመልሳለች፣ እናት ዝም ትላለች። ፈቃድም በየስብሰባው መጀመሪያ ይጠየቅ። ሰውየው ተነስቶ ከሄደ አልፈልግም ማለቱ ነው፤ ልጁ ቢፈርምለትም።

የመርካቶው፦ ረቡዕ ጾም ነው። ምሳው ምንድን ነው?

ሒሳብ ያዥ፦ ምሳ የለም። ሻይና ዳቦ።

የመርካቶው፦ ከምግብ ጋር መድኃኒት የሚወስዱ አሉ። ዳቦ ብቻ ማቅረብ ንቀት ነው።

የኮተቤው፦ በየዓይነቱ ይምጣ፣ አለቀ።

ሒሳብ ያዥ፦ በማን ብር? 12 ሰው በ4 ቀን 48 ሰሃን ነው።

የመርካቶው፦ ሰሃን ቆጣሪ!

ሲስተር፦ ማክሰኞ አድርጉትና እንረፍ።

ጸሐፊ፦ ማክሰኞ አዳራሹ የእድር ነው።

የኮተቤው፦ ከምሳው በፊት የሰዓት ስዕሉ! ሞካ የሚባለው የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መለኪያ ፈተና ላይ 11 ሰዓት ከ10 ሳሉ ይላል። በእኛ አቆጣጠር አጭሩ ዘንግ 5 ላይ ነው የሚውለው፤ አራሚው 11 ላይ ይጠብቃል፣ ነጥብ ይቀንሳል። እስክሪብቶ ይዞ የማያውቅማ ገና ሳይጀምር ወደቀ። ዓመተ ምሕረቱን ሲጠየቁስ የማን አቆጣጠር ነው? ቀድመው ካላዩት ይህ ሁሉ የሚገለጠው መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ነው።

ሰብሳቢ፦ ይግባ። ምሳው ግን ይወሰን።

ሒሳብ ያዥ፦ ቅድም ቆጣ ብዬ ከሆነ ይቅርታ። ችግሩ፣ ረጂው ብር የሚለቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴው ካጸደቀ በኋላ ነው፤ እነዚህ ስብሰባዎች ደግሞ ከዚያ በፊት ናቸው። ትራንስፖርቱም ከእኛው ካዝና ነው።

ሲስተር፦ ሕመምተኛውን ቤት ትቶ ለሚመጣ አስታማሚ የተተኪ ክፍያም ጨምሩ። አለዚያ አይመጣም።

ጸሐፊ፦ የስምምነት ቅጹን በትልልቅ ፊደል 2 ገጽ አደርገዋለሁ ያለው ሰውስ?

የኮተቤው፦ ከግሩፑ ወጥቷል።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ርዕሱ «የአስታማሚዎች ድጋፍ» ይባልና ምሳ፣ ትራንስፖርት፣ ተተኪ ይግቡበት። ብሩ እንዲበቃ ስብሰባው ወደ 2 ይውረድ፣ ሐሙስ ይሁን።

ሲስተር፦ በ2 ስብሰባ መጠይቁን መቼ ሊያዩት ነው?

የመርካቶው፦ ሐሙስ ከሆነማ ጥብስም ይቻላል።