ሞዛርትን በፎርቴፒያኖ (በጥንቱ ፒያኖ) በራሱ ዘመን መሣሪያዎች ከሚጫወት ኦርኬስትራ ጋር ልጫወት ነው፤ ድምፄ እንዴት ይሰማ?

ፒያኒስቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የተማርኩት በዘመናዊ ግራንድ ፒያኖ ነው። አሁን በሞዛርት ዘመን መሣሪያዎች የሚጫወት ኦርኬስትራ የፒያኖ ኮንሰርቶ ቁጥር 23ን (በሞዛርት ሥራዎች ዝርዝር ኬ. 488) አብሬ እንድጫወት ጋብዞኛል። የሚቀርብልኝ በሞዛርት ዘመን በነበረው የቪየና ፒያኖ ሠሪ በአንቶን ቫልተር አሠራር የተሠራ ፎርቴፒያኖ ነው። ሞክሬው ድምፁ በጣም ሳሳብኝ፤ ጠንከር አድርጌ ስመታው ደግሞ ይንጫጫል። ያ ሁሉ ቫዮሊንና ሆርን ባለበት ማን ይሰማኛል? ፎርቴፒያኖ ተጫዋቹ ማልኮልም ቢልሰን ከመሪው ከጆን ኤልዮት ጋርዲነርና ከኦርኬስትራው ከኢንግሊሽ ባሮክ ሶሎይስትስ ጋር በቀዳው ላይ ፒያኖው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የማይክሮፎን ሥራ ይሆን?

ባለፎርቴፒያኖው፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ማይክሮፎን ያግዛል፣ ምስጢሩ ግን እሱ አይደለም። ኦርኬስትራውን በድምፅ ልብለጥ አትበይ። እዚህ ሙዚቃ ውስጥ አንቺም ከኦርኬስትራው አንዷ ነሽ።

መሣሪያው የብረት ማዕቀፍ የለውም፤ አውታሮቹ ቀጫጭን፣ መዶሻዎቹ ትንንሽና ቆዳ የለበሱ ናቸው። ሞዛርት ራሱ የነበረው ቫልተር 85 ኪሎ ገደማ ነው፤ የዛሬው የኮንሰርት ግራንድ ወደ 500 ይጠጋል። (አባቱ ሊዮፖልድ በ1785 ለልጁ ለናነርል ሲጽፍ፣ እሱ ቪየና ከደረሰ ወዲህ ያ ፒያኖ ቢያንስ 12 ጊዜ ከቤት ወጥቶ ወደ ቲያትርና ወደ ሌሎች ቤቶች መወሰዱን ይናገራል። የዛሬውን ማን ይሸከመዋል!) ስለዚህ ድምፁ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይሞታል። በእነቫዮሊን ድምፅ መሃል ሰንጥቆ የሚያወጣው ይሄ ፈጣን አነሳስ ነው። አብረውሽ ያሉትም ቢሆኑ ቫዮሊኖቹ የአንጀት አውታር፣ ሆርኖቹ ቫልቭ (በጣት የሚጫን መክፈቻና መዝጊያ) የሌላቸው ናቸው፤ እንደምታውቂያቸው አይጮኹም።

ቁልፉ የሚሰምጠው ከለመድሽው ግማሽ ያህል ነው። የክንድ ክብደት አያስፈልግም፤ ከጣት ጫፍ ይበቃል። መንጫጫቱ የመጣው ከክንድሽ ነው። ፔዳልም የለውም፤ ከቁልፎቹ ሥር በጉልበት ወደ ላይ የሚገፋ ማንሻ አለ። ወንበርሽ ትንሽ ዝቅ ካለ ጉልበትሽ አይደርስበትም፣ ከፍ ካለ ደግሞ ሳታስቢው ይገፋዋል። ልምምድ ሲጀመር ከምንም በፊት የወንበሩን ከፍታ አስተካክይ።

ኦርኬስትራው ብቻውን በሚጫወትበት ቦታም እጅሽን ጭንሽ ላይ አጣጥፈሽ አትጠብቂ። በብዙዎቹ የሞዛርት ኮንሰርቶዎች የእጅ ጽሑፍ ላይ እዚያ ቦታ የፒያኖው ግራ እጅ ከባሱ (ከኦርኬስትራው ዝቅተኛ መስመር) ጋር እንዲሄድ ተመልክቷል። ፒያኒስቱ ሮበርት ሌቪን ከመሪው ከክሪስቶፈር ሆግዉድና ከኦርኬስትራው ከአካዳሚ ኦቭ ኤንሸንት ሚዩዚክ ጋር የቀዳቸውን ስሚ፤ ብቸኛ ክፍሉ ሲደርስ ሰውየው ቀድሞውኑ ውይይቱ ውስጥ ነው።

የእኔ ፍቅር ያለው ግን አዳጆው (ዝግተኛው ሁለተኛ ክፍል) ላይ ነው። ወደ መጨረሻው የእነቫዮሊን አውታሮች በጣት ሲነጠቁ፣ የፒያኖው ኖታ ከላይ ወደ ታች በሰፊው የሚዘሉ ባዶ ድምፆች ብቻ ይሆናል። በዘመናዊ ፒያኖ ድምፁ ስለሚቆይ እንደተጻፈው ያስኬዳል። ፎርቴፒያኖ ላይ አንዱ ድምፅ ሌላው ሳይደርስ ይከስማል፤ ክፍተቱ ያን ጊዜ ወለል ብሎ ይታይሻል። እኔ በትንንሽ ጌጦች እሞላዋለሁ፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚያወርድ ስስ ሩጫ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። የመጀመሪያውን ክፍል ካዴንዛ (ፒያኖው ብቻውን ችሎታውን የሚያሳይበትን ቦታ) ግን ሞዛርት እዚያው ኖታው ውስጥ ጽፎታል፤ እሱን ተጫወችው።

ባሱን ነፊ፦
በሁሉም እስማማለሁ፣ በአንድ ነገር ላይ ግን ላስጠንቅቅሽ። ይህ ኮንሰርቶ ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ የለውም፤ በቦታው ሁለት ክላሪኔቶች ናቸው ያሉት፣ አገባባቸውም ለስላሳ ነው። ከባሱ ጋር ስትሄጂ ኮርዶችሽ (አብረሽ የምትመቻቸው ድምፆች) ከወፈሩ እነሱን ትሸፍኛለሽ። ግራ እጅ ብቻውን ይበቃል፤ ቀኝሽን ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ ለሚጫወትበት አቆዪው።

ሌላው፣ የፒያኖው ክዳን ተነቅሎ ይውጣልኝ፣ መሣሪያውም መሃላችን ይግባ ብለሽ ጠይቂ። ጀርባሽ ለታዳሚው ይሆናል፤ እኛ ነፊዎቹ ግን ፊትሽንና እጅሽን እናያለን። አዳጆው ላይ ከአንቺ ቀጥለን የምንገባው ትንፋሽሽን አይተን ነው፤ የመሪ ዱላ አይጠቅመንም።

ፒያኒስቷ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁለታችሁንም። አንድ ጭንቀት ቀረኝ፦ ጆሮዬ ድምፅን በስሙ ነው የሚለየው። ቅኝቱ 430 ሄርዝ ነው ተብያለሁ። ላ ስመታ ላ ካልሆነልኝ እጄ ይሳሳታል ብዬ እፈራለሁ።

ባለፎርቴፒያኖው፦
ከለመድሽው ከዛሬው ቅኝት ከ440 ጋር ያለው ልዩነት ከሩብ ድምፅ ትንሽ ያነሰ ነው፤ የሚረብሸውም ለዚህ ነው፣ ልዩነቱ ሙሉ ግማሽ ድምፅ ቢሆን ይቀልሽ ነበር። ዲጂታል ፒያኖ ካለሽ ቅኝቱን 430 ላይ አድርጊና ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም ነገር በእሱ ተለማመጂ፣ መልመጃዎችሽን ጭምር። ጆሮ ይለምዳል። ኦርኬስትራው የሚቃኘውም ከፒያኖሽ ላ ነው፤ እንጨቱ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለዋወጥ ቃኚው ከኮንሰርቱ በፊትም በእረፍት ሰዓትም መኖሩን ዛሬውኑ በጽሑፍ አረጋግጪ።