አውሮፕላን የሌለው «አየር መንገድ» ትኬት ይሽጥ ወይስ አይሽጥ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ዳይሬክት ኤር ነው። መቀመጫው ሳውዝ ካሮላይና፣ ሜርትል ቢች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ጀምሮ ማርች 2012 ላይ ድንገት ተዘጋ። የራሱ አውሮፕላን አልነበረውም፤ ፈቃድ ካላቸው አየር መንገዶች አውሮፕላን ከነአብራሪው እየተከራየ ወንበሩን ይቸረችር ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ይከልከል?

ጣና፦ ይከልከል! ሰው «ኤር» የሚለውን አይቶ አየር መንገድ ነው ብሎ ነው የገዛው። ለዕረፍት ሄዶ መመለሻ ያጣውን ማን ጠየቀለት?

ሸገር፦ ቆይ እስቲ ጣና፣ ዉስተርን አስባት። ማሳቹሴትስ ውስጥ ቀላል ከተማ አይደለችም፤ ግን ቦስተን አጠገቧ ስላለ ትልልቆቹ ዞር ብለው አያዩአትም። ያን ጊዜ ከዚያ መንገደኛ ያመላልስ የነበረው ዳይሬክት ኤር ብቻ ነው። እሱ ሲወድቅ ጄትብሉ የሚባለው አየር መንገድ በኖቬምበር 2013 እስኪመጣ ድረስ ኤርፖርቱ ያለ መደበኛ መንገደኛ በረራ ቀረ። ከልክሉ ማለት ለነዚያ ሰዎች ምን ማለት ነው?

አዋሽ፦ ሁለታችሁም ዋናውን ዘለላችሁት። ሕግ እኮ ነበረ! ቻርተር ሻጭ፣ ማለትም እንደ ዳይሬክት ኤር አውሮፕላን ተከራይቶ ወንበር የሚሸጥ፣ የመንገደኛውን ገንዘብ ባንክ በአደራ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ ያስገድዳል። የአውሮፕላን ኪራይና የመሳሰለው ይከፈልበታል እንጂ ሻጩ በረራው ሳይጠናቀቅ ድርሻውን አይነካም። የዳይሬክት ኤር ሰዎች ግን ለባንኩ የሐሰት መረጃ እየሰጡ አወጡት። ኒው ጀርሲ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለት የቀድሞ ኃላፊዎች በ2018 ጥፋተኛ ተባሉ። ይሄ ሌብነት ነው፤ የቻርተር ጥፋት አይደለም።

ጣና፦ አዋሽ ወንድሜ፣ ራስህ መለስክልኝ። ገንዘቡን የሚያስለቅቀውን ወረቀት የሚያዘጋጀው ያው ሻጩ ከሆነማ ሥጋ ለጅብ አደራ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ባንኩን ጠይቆ ገንዘቡን የሚያስመልስበት መንገድ ነበረው። እኛ ግን ለገና አገር ቤት ስንሄድ ለትኬት ኤጀንቱ በዜል (ገንዘብ ከባንክ ሒሳብ ወደ ሒሳብ ወዲያው በሚልከው የአሜሪካ አገልግሎት) ልከን ደረሰኝ እንኳ አንጠይቅም!

ሸገር፦ እሱስ ልክ ነሽ እህቴ፣ ግን ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።

ጣና፦ እሺ፣ መከልከሉ ይቅር። ባንኩ ማን እንደተሳፈረ ከሻጩ ሳይሆን አውሮፕላኑን ከሚያበረው ኩባንያ በቀጥታ ይቀበል። ካልተጣጣመ ሰባራ ሳንቲም እንዳይለቅ።

አዋሽ፦ በዚህ እስማማለሁ።

ሸገር፦ የቁጥጥሩን ወጪ ማን ይሸፍናል ግን? ትኬቱ ላይ ከተጨመረ ሰዉ ቦስተን ድረስ መንዳቱን ይመርጣል።